ሃያ አምስት ሰከንድና ዘጠኝ ሰከንድ፤ የናፍጣ መኪና ፈጣኑን ጎልፍ የደረሰበት ታሪክ

በ1976 ዓ.ም. በምዕራብ ጀርመን ሁለት አዳዲስ አውቶሞቢሎች ለገበያ ቀረቡ። አንደኛው በዓመቱ መጀመሪያ የታየው መርሴዲስ 240 ዲ ሲሆን፣ አራት በር ያለው፣ ክብደቱ ወደ 1400 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ በናፍጣ የሚሠራና ታክሲ ነጂዎች አጥብቀው የሚወዱት መኪና ነበር። ሁለተኛው በዓመቱ አጋማሽ መሸጥ የጀመረው ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ነው። ይኸኛው ሁለት የጎን በሮች ያሉት፣ የኋላ መዝጊያው ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ክብደቱ 810 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ የሆነ፣ በቤንዚን የሚሠራ አጭር መኪና ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ መኪናዎች አንድ መስመር ላይ ቆመው በአንድ ምልክት ቢነሡ፣ ጎልፉ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ ወደ 9 ሰከንድ ይበቃው ነበር። መርሴዲሱ ግን እዚያው ፍጥነት ላይ ለመድረስ 24.6 ሰከንድ ይፈጅበታል። የመጀመሪያው መቶ ሲሞላ ሁለተኛው ገና ግማሹን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ታናሽ ወንድሙ 200 ዲማ 31 ሰከንድ ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ነጂው ከኋላ የሚመጣውን አሻግሮ ሳያይ ወደ አውራ ጎዳና ለመግባት አይደፍርም ነበር።

ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ አምስተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ሲወጣ ፋብሪካው ያስታወቀው ቁጥር በእጅ ማርሽ 7.2 ሰከንድ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ተሻሽሎ የቀረበው ቢ.ኤም.ደብሊው. 330 ዲ የተባለው የናፍጣ ሴዳንም በፋብሪካው ቁጥር 7.2 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። የአሥራ አምስት ሰከንድ ልዩነት ተሟጦ አለቀ። እርግጥ ነው፣ ቢ.ኤም.ደብሊው.ው ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ ሦስት ሊትር ሞተር፣ ዋጋውም ከጎልፉ በብዙ የላቀ ነው። ነገር ግን በ1976 ማንም ሰው የፈለገውን ያህል ገንዘብ ቢከፍል ጎልፍን የሚከተል የናፍጣ መኪና ከገበያ ሊገዛ አይችልም ነበር። ይህ ለውጥ እንዴት እንደ መጣና ምን እንዳስከፈለ መመልከት ለሞያው ሰው ይጠቅማል።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ አነጋገር መመርመር ያስፈልጋል። ናፍጣ ጉልበት አለው፣ ቤንዚን ደግሞ ፍጥነት አለው ሲባል ይሰማል። በ1976ቱ ሁለት መኪናዎች ላይ ይህ አነጋገር አይሠራም። የ240 ዲ ሞተር ትልቁ የመጠምዘዝ ኃይሉ፣ ማለትም ቶርኩ፣ 137 ኒውተን ሜትር ነበር። የጎልፉም 140 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከዚህም ጋር የመርሴዲሱ ሞተር 2.4 ሊትር፣ የጎልፉ ግን 1.6 ሊትር ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ልዩነቱ ያለው ይህ ኃይል በሚገኝበት የዙር ብዛት ላይ ነው። መርሴዲሱ ትልቁን ቶርክ በደቂቃ 2400 ዙር ላይ ሲሰጥ፣ ጎልፉ በ5000 ዙር ላይ ይሰጣል። የሞተር አቅም የቶርክና የዙር ፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ እኩል ክንድ ያላቸው ሁለት ሠራተኞች አንዱ በእጥፍ ፈጥኖ መዘውሩን ቢያዞር በቀኑ መጨረሻ ላይ የሠራው ሥራ እጥፍ እንደሚሆን ሁሉ፣ ጎልፉ 110 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው መርሴዲሱ በ65 ቀረ።

ሒሳቡን ትንሽ ገፋ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ነጂውና ጥቂት ዕቃ ሲታከልበት ጎልፉ 900፣ መርሴዲሱ 1475 ኪሎ ግራም ነው ቢባል፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ፣ ይኸውም በሰከንድ 27.8 ሜትር፣ በውስጣቸው የተከማቸው የእንቅስቃሴ ጉልበት እንደ ቅደም ተከተሉ 347 እና 569 ኪሎ ጁል ይሆናል። ይህ በፈጀባቸው ጊዜ ሲካፈል ጎልፉ በአማካይ 38.6 ኪሎ ዋት፣ መርሴዲሱ 23.1 ኪሎ ዋት ወደ ፍጥነት ለውጠዋል ማለት ነው። የሞተሮቹ ከፍተኛ አቅም 81 እና 48 ኪሎ ዋት ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ካላቸው አቅም 48 በመቶውን ያህል ወደ ፍጥነት ቀይረዋል። የተቀረው በነፋስ ግፊት፣ በካምቢዮና በጎማ ሰበቃ፣ ማርሽ ሲለወጥ በባከነው ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩ ዘወትር በከፍተኛ አቅሙ ላይ ባለመሆኑ ምክንያት ቀርቷል። የሁለቱ ድርሻ እንዲህ መቀራረቡ የሚያሳየው መርሴዲሱ የሚያባክነው ነገር እንዳልነበረ ነው። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል፤ መኪናው የዘገየው ከክብደቱ ጋር የሚመጣጠን አቅም ስላልነበረው ብቻ ነው።

ታዲያ የናፍጣ ሞተር ፈጥኖ የማይዞረው ለምንድን ነው? መልሱ ከትውልዱ ይጀምራል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ የሞከረው ሞተር 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲሰጥ ክብደቱ 4.5 ቶን ገደማ ነበር። ይህን ግዙፍ ነገር ወደ መኪና ለማምጣት በመጀመሪያ የነዳጅ መርጫውን ፓምፕ ማሳነስ ያስፈልግ ነበርና፣ የቦሽ ኩባንያ በ1927 በብዛት መሥራት የጀመረው ፓምፕ ለጭነት መኪናዎች በሩን ከፈተ። በ1936 የወጣው መርሴዲስ 260 ዲ ለቤት አውቶሞቢል ከተሠሩት የናፍጣ ሞተሮች ቀደምት የሆነውን ይዞ ቀረበ፤ አቅሙም 45 የፈረስ ጉልበት ነበር።

በቤንዚን ሞተር ነዳጁና አየሩ ወደ ሲሊንደሩ ከመግባታቸው በፊት ተደባልቀው ያድራሉ፤ ካንዴላው የእሳት ብልጭታ ሲሰጥ ወዲያው ይያያዛሉ። በናፍጣ ሞተር ግን ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ብቻ ነው። አየሩ ከመጨመቁ የተነሣ ይግላል፤ ነዳጁ በዚያች ቅጽበት ይረጫል፤ ጠብታዎቹ ይተናሉ፤ ከአየሩ ጋር ይደባለቃሉ፤ ከዚያም ያለ ካንዴላ በራሳቸው ይቀጣጠላሉ። ሞተሩ በደቂቃ 4200 ጊዜ ሲዞር አንድ ሙሉ ዙር የሚፈጀው 14 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከዚህም ውስጥ ለቃጠሎ የሚመቸው ክፍል ጥቂቱ ብቻ ነው። ዙሩ ከዚያ በላይ ቢጨመር ፒስተኑ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነዳጁ ገና ይነድዳል፤ በጭስ መውጫውም ጥቁር ጭስ ይታያል። ሁለተኛው እንቅፋት ጭሱ ራሱ ነው። ያ ሁሉ አየር ከነዳጁ ጋር ተዳርሶ ስለማይደባለቅ፣ የተወሰነ አየር ሳይነካ እንዲቀር ነዳጁ መቀነስ አለበት። ሦስተኛው ደግሞ የመጨመቂያው መጠን ነው። በ240 ዲ አየሩ ወደ ሃያ አንድ እጅ አንዱ ሲታመቅ፣ በጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ከአሥር እጅ በታች ነበር። ይህን ግፊት የሚሸከም ፒስተን፣ የፒስተን ክንድና ኮሎ የመሰለ ጠንካራ አካል ከባድ ይሆናል፤ ከባድ አካል ደግሞ በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች መመላለስን አይወድም።

ስለ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. አነሳስ እግረ መንገድ አንድ ነገር ሊነገር ይገባዋል። መኪናውን ያዘዘው የኩባንያው አመራር አልነበረም። በ1973 አልፎንስ ሎቨንበርግ የተባለ የሙከራ መሐንዲስ ሐሳቡን አቀረበ፤ ጥቂት ባልደረቦቹም ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ነገሩን ይዘው ቀጠሉ። ፋብሪካው በመጨረሻ ሲፈቅድ 5000 ያህል መኪና ቢሸጥ ይበቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። ከመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ450 ሺህ በላይ ተሠርቷል። በዚያው በ1976 ደግሞ ያው ፋብሪካ ከዚያው የሞተር ቤተሰብ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ጎልፍ ዲዝል አውጥቷል። አንድ ወላጅ ያላቸው ሁለት ሞተሮች፣ አንዱ ለሯጭ፣ ሌላው ለቆጣቢ ተሰጡ። ያ ዘመን ከ1973ቱ የነዳጅ ችግር በኋላ የመጣ በመሆኑ የብዙ ሰው ዓይን በቆጣቢው ላይ ቢያርፍ አያስደንቅም።

የናፍጣ መኪና ዕድል የተለወጠው አየር በማስገደድ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት የሚዞር አየር ማመቂያ፣ ዛሬ ቱርቦ የሚባለውን፣ በ1905 በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። በመርከብና በጭነት መኪና ሞተሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ለናፍጣ የተፈጠረ የሚመስለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በቤንዚን ሞተር ላይ አየሩ ሲታመቅ በውስጡ ያለው ነዳጅ ያለ ጊዜው ሊፈነዳ ስለሚችል የግፊቱ መጠን ገደብ አለው። በናፍጣ ሞተር የሚታመቀው አየር ብቻ ስለሆነ ያለ ጊዜው የሚፈነዳ ነገር የለም፤ ገደቡ የብረቱ ጥንካሬ ነው።

በሰኔ 1976፣ ልክ ጎልፍ ጂ.ቲ.አይ. ለገበያ በወጣበት ወር፣ መርሴዲስ በደቡብ ኢጣሊያ በናርዶ የክብ ጎዳና ላይ ሲ 111 የተባለውን የሙከራ መኪና አሰለፈ። ሞተሩ ለሽያጭ ከሚሠራው ባለ አምስት ሲሊንደርና ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር የተወሰደ ነበር። ያለ ቱርቦ 80 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ይህ ሞተር ቱርቦ ሲገጠምለት 190 ሰጠ። መኪናው ለ64 ሰዓት ያህል ቀንና ሌሊት ሲዞር አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተመዘገበ። የናፍጣ መኪና ዘገምተኛ ነው የሚለው እምነት በዚያ ጎዳና ላይ ተሰበረ፤ ሕዝቡ ግን ይህን እስኪያምን ሃያ ዓመት ፈጅቷል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1978 መርሴዲስ 300 ኤስ.ዲ. የተባለውን ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሴዳን ለአሜሪካ ገበያ ላከ፤ በዚያ አገር የወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ ትልልቅ መኪና ሻጮችን ስላስጨነቀ ነው። በ1979 ፔዦ 604 በአውሮፓ ተከተለ። በ1982 ጎልፍ ጂ.ቲ.ዲ. ሲወጣ የሞተሩ ስፋት ከመጀመሪያው ጂ.ቲ.አይ. ጋር እኩል 1588 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ፣ ቱርቦም ተጨምሮለት፣ አቅሙ 70 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1983 ቢ.ኤም.ደብሊው. 524 ቲ.ዲ. በ115 የፈረስ ጉልበት መቶውን በ13 ሰከንድ ገደማ ሞላ። ጎልፍም ቆሞ አልጠበቀም፤ ባለ አሥራ ስድስት ቫልቩ ጂ.ቲ.አይ. በ1986 ወደ 8.5 ሰከንድ ወርዶ ነበር።

የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች ያጠፋው የነዳጁ ግፊት ነው። በ240 ዲ ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ አይረጭም ነበር፤ ከጎን ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ከ100 ባር ጥቂት ከፍ ባለ ግፊት ተረጭቶ፣ እዚያ መቀጣጠል ጀምሮ ነበር ወደ ዋናው ክፍል የሚፈነጥቀው። ይህ ዘዴ የሞተሩን ድምፅ ቢያለዝብም ብዙ ሙቀት ያባክናል። ኦዲ በ1989 መገባደጃ በፍራንክፈርት ያሳየው 100 ቲ.ዲ.አይ. ግን ነዳጁን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጭና ፓምፑ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ ሆኖ፣ 120 የፈረስ ጉልበትና 265 ኒውተን ሜትር ቶርክ ነበረው። በ1997 አልፋ ሮሜዮ 156 የጋራ ቧንቧ የተባለውን ዘዴ ይዞ ወጣ። ቀድሞ ፓምፑ ለየሲሊንደሩ በተራ የሚልከው ነዳጅ አሁን በአንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ በ1350 ባር ታጭቆ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ መርጫ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ሲከፈት ብቻ ይወጣል። በዚህ ግፊት ነዳጁ እንደ ጉም ደቅቆ ስለሚወጣ ለመትነንና ለመደባለቅ የሚፈጅበት ጊዜ አጠረ። ያ የ14 ሚሊ ሰከንድ ጥበት ሰፋ ማለት ነው። ከዋናው መርጨት በፊት ጥቂት ነዳጅ ቀድሞ በመርጨትም የናፍጣ ሞተር መለያ የነበረው ማንኳኳት ጸጥ አለ።

በ1998 ቢ.ኤም.ደብሊው. 320 ዲ በኑርቡርግሪንግ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ አንደኛ ወጣ። ጋዜጦች ይህን የናፍጣ ፍጥነት ድል አድርገው ቢያወሩም፣ እውነቱ ትንሽ ለየት ይላል። የናፍጣው መኪና ካሸነፈባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ነዳጅ ለመቅዳት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ መቆሙ ነው።

እንግዲህ በ2003 እና በ2004 የተገናኙት ሁለቱ መኪናዎች ከ1976ቱ ጋር ሲተያዩ የሚያስገርመው ነገር የሰከንዳቸው እኩልነት ብቻ አይደለም። የጎልፉ አዲስ ሞተር ቱርቦ ነበረው፤ ቤንዚኑንም በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጭ ነበር። ናፍጣው ቤንዚኑን ሲከተል፣ ቤንዚኑ ደግሞ የናፍጣውን መሣሪያ ተውሶ ነው የሮጠው። 330 ዲ 204፣ ጎልፉ 200 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ቶርካቸው ግን 410 እና 280 ኒውተን ሜትር ስለ ነበር፣ አሁን ያ የቆየ አነጋገር እውነት ሆነ። 1500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ሴዳን 200 ኪሎ ግራም ያህል የሚቀለውን ጎልፍ እኩል የደረሰበት ሌላም ምክንያት አለ። መኪና ሲፈናጠር ክብደቱ ወደ ኋላ ይጋደላል። የኋላ ጎማው የሚገፋው ቢ.ኤም.ደብሊው. ከዚህ ይጠቀማል፤ በፊት ጎማ የሚጎተተው ጎልፍ ግን ጎማዎቹ መሬቱን መቆንጠጥ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ክብደት ይሸሻቸዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቁጥሩም እንደሚታሰበው ንጹሕ አይደለም። የአሜሪካ መጽሔቶች መኪናው የመጀመሪያዋን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሰዓቱን ማስጀመር ለምደዋል። እንግሊዞች እስከ 60 ማይል፣ ማለትም እስከ 96.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ይለካሉ። መሐንዲሶችም ሁለተኛው ማርሽ መቶን ጥቂት እስኪያልፍ ድረስ ረዘም እንዲል ያደርጋሉ፤ አንድ የማርሽ ለውጥ ከቀረ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይተርፋልና። ነጂው በየቀኑ የሚያስፈልገው ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ማርሽ ሳይቀይር ጭነት መኪናን ቀድሞ ማለፍ ነው። በዚህ መለኪያ ዘመናዊው ናፍጣ እኩል በተባሉበት ጊዜም ይቀድም ነበር። የ240 ዲ ዋጋም በሰከንድ አይለካም። አንድ የግሪክ ታክሲ ነጂ በ2004 ለመርሴዲስ ቤተ መዘክር ያስረከበው በ1976 የተሠራ 240 ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነበር። የቀደመው ቅርጽ ቢሆንም ስሙም ሞተሩም ያው ነው።

ለመለኪያ ተብሎ መሥራት ግን ማርሽን በማስረዘም አላበቃም። ናይትሮጅንና ኦክስጅን የሚዋሐዱት ቃጠሎው እጅግ ሲግልና የተትረፈረፈ አየር ሲኖር ነው፤ ናፍጣውን ፈጣን ያደረጉት ነገሮችም እነዚሁ ናቸው። የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ወደ ሲሊንደሩ መልሶ በማስገባት ሙቀቱን መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን የተመለሰው ጭስ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል፤ ጥላሸቱም ይበዛል። ይህን ለማስታረቅ የሚያስችል መሣሪያ አለ፤ ሆኖም ዋጋው ውድ ነው። በ2013 በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች መለኪያቸውን በመኪናው ላይ ጭነው በመንገድ ላይ ሲለኩ፣ ከአንድ የናፍጣ ፎልክስዋገን የወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ከተፈቀደው እስከ 35 እጥፍ ደርሶ ተገኘ። በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነገሩን ይፋ አደረገ። ሞተሩን የሚያዝዘው ፕሮግራም መኪናው በፍተሻ ላይ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ በፍተሻው ጊዜ ጭሱን ያጠራል፤ በመንገድ ላይ ይተወዋል። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ይህ ፕሮግራም ነበራቸው። ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የ40 ወር እስራት ተፈርዶበታል። በአውሮፓ የናፍጣ አውቶሞቢል ሽያጭ ከዚያ ወዲህ እያሽቆለቆለ ሄደ።

ለአዲስ አበባ ሰው ግን እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ሌላ እርማት ያስፈልጋቸዋል፤ የተለኩት በቆላ ነውና። ከባሕር ጠለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከአቅሙ ሩቡን ያህል ያጣል። ከላይ የተሠራው ሒሳብ ለዚህ ከፍታ ሲደገም፣ የ1976ቱ ጎልፍ ከ9 ወደ 12 ሰከንድ፣ መርሴዲሱ ከ24.6 ወደ 33 ሰከንድ ያህል ይዘገያሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 21 ሰከንድ ይሰፋል ማለት ነው። ፓምፑ ለቆላ እንደ ተስተካከለ የመጣ ናፍጣ መኪና ደግሞ አየሩ ቀንሶ ነዳጁ ስላልቀነሰ፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ጥቁር ጭሱን ከኋላው እየተወ ይሄዳል። ልምድ ያለው መካኒክ የፓምፑን ልክ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጭሱ ይጠራል፤ መኪናውም ጥቂት ይዘገያል። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ ከዚህ ጉዳት አብዛኛውን ያመልጣል። ስለዚህ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ ቱርቦ የተገጠመለት ናፍጣ ቱርቦ የሌለውን ጎልፍ የሚደርስበት ቀን በጀርመን አገር ካለው ቀደም ይላል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በቦታቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከመነሻቸው ጀምሮ ሙሉ ቶርካቸውን ይሰጣሉ፤ ለቃጠሎ የሚጠብቁት አየር ስለሌለም በአዋሽና በእንጦጦ ላይ የሚሰጡት አቅም አንድ ነው።